ተኽቢብ፦ በሰው ትዳር መሀል የሚገባ እጅ

 

ኢማሙ ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ኢብሊስ ነግረውናል። ኢብሊስ ዙፋኑን በውሃ ላይ ዘርግቶ ጭፍሮቹን ወደ ሰዎች ይልካል። እየተመለሱም የሠሩትን ይነግሩታል። አንዱ ይህን ሠራሁ፣ ሌላው ያንን ሠራሁ ይላል፤ እሱ ግን ምንም አልሠራህም እያለ ያልፋቸዋል። ባልን ከሚስቱ ሳልለያይ አልተውኩትም የሚለው ሲመጣ ግን ወደ ራሱ ያስጠጋዋል፣ ያሞግሰዋል። ከዚያ ሁሉ ጭፍራ መሀል የተመሰገነው ይህ ነው።

ዛሬ የምናወራው ይህን የሸይጧን ሥራ በሰው እጅ ስለሚሠራው ሰው ነው። ዑለማዎች ድርጊቱን «ተኽቢብ» ይሉታል። ሚስትን በባሏ ላይ ወይም ባልን በሚስቱ ላይ ማበላሸት፣ ልብን ማሸፈት ማለት ነው። አቡ ዳውድ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሴትን በባሏ ላይ ያበላሸ ሰው ከእኛ አይደለም ብለዋል። ቁርአንም በሱረቱል በቀራህ 102ኛው አንቀጽ ስለ ድግምት ሲያወራ፣ ሰዎች ከሃሩትና ከማሩት የተማሩት ነገር ባልና ሚስትን የሚለያዩበት እንደነበር ይጠቅሳል።

ብዙ ወጣት ይህን ሲሰማ የሚታየው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ የሰው ሚስት የሚያባብል ወንድ። እሱ አንዱ ነው። ነገር ግን ልጇን «ይቺ አትሆንህም» እያለች በየቀኑ የምትጎነትል እናትም አለች። እህቷን «እኔ ብሆን አንድ ቀን አላድርም» የምትልም አለች። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንዲት ሴት የእህቷን ድርሻ ለራሷ ልታደርግ ብላ ፍቺዋን እንዳትጠይቅ ተከልክላለች። ስለዚህ ነገሩ ወንዱንም ሴቷንም ይመለከታል።

አሁን ወደ መተማ እንምጣ። ከመተማ ዮሐንስና ከገንዳ ውሃ፣ ከሽንፋና ከቋራ፣ ከምዕራብ አርማጭሆ ለሚከታተሉን ወንድሞችና እህቶች ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ቆላው የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው ወንዱ ሚስቱን ትቶ ይወርዳል፤ የቆላው ነዋሪ ደግሞ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ ገዳሪፍና ካርቱም ለሥራና ለንግድ ሲሄድ ኖሯል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መተማ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ የወጡ ተክሩሮች የሰፈሩባት፣ የነጋዴ መንገድ የሚገናኝባት የገበያ ከተማ ነበረች። ባል ሲርቅ፣ ሚስት ብቻዋን ስትቀር፣ በመሀል ሰው ሲገባ ያየች ከተማ ናት።

የተለወጠው ስልኩ ነው። ድሮ ሚስትን ለማባበል ደጇ ድረስ መምጣት ያስፈልግ ነበር፤ ጎረቤት ያያል፣ ውሻ ይጮሃል። ዛሬ በኢሞና በቴሌግራም ሌሊት በድምፅ መልእክት ይገባል። ኔትወርክ በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ የባል ድምፅ ለሳምንታት ይጠፋል፣ ያኔ የቅርብ ሰው ድምፅ ይገንናል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በመተማ በኩል ብዙ ሺህ ሰው ተሻግሯል። ከመጡት መሀል ባሏን በመንገድ ያጣች አለች፤ ከዚህ በኩልም ካርቱም የቀረ ባሏን የምትጠብቅ አለች። ወሬ የሚዘራው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው።

እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ሁኔታ ትዳሩ የፈረሰበት ወንድም «ያፈረሰብኝን ሰው ልክሰስ?» ቢል መልሱ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ቦታ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚያወራው ክፍሉ፣ አንዲት ሴት ባለ ትዳር መሆኗን እያወቀ ባሏን ያለ ፈቃዱ ትታ እንድትሄድ የገፋፋን ሰው እንደ ጥፋተኛ ይቆጥረዋል። ከዚህ ልዩ ድንጋጌ ውጭም በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ጠቅላላ መርሕ ተቀምጧል። ይህ እስር አይደለም፤ ካሳ የሚጠየቅበት የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ዝሙት ለብቻው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 የተበዳዩ ባል ወይም የተበዳይዋ ሚስት አቤቱታ ሲቀርብ የሚያስቀጣ ነው።

ነገር ግን ወደ ፍርድ ቤት ከመሮጥህ በፊት ሦስት ነገር እወቅ። አንደኛ፣ ስለ ሞራል ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ ሕጉ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል። በ1952 ይህ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኩንታል ሰሊጥ አይገዛም። ለጠበቃ የምታወጣው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚቀርብ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሦስተኛ፣ መገፋፋቱን ማስረዳት ያለብህ አንተ ነህ። ሚስትህ በራሷ ምክንያት ከሄደች፣ ሌላው ሰው በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ክሱ አይቆምም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ድንጋጌው የሚጠብቀው ባልን ነው። ባሏን ሌላ ሰው ያስኮበለለባት ሚስትስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እኩል መብት አላቸው ይላል፤ የ1952ቱ ሕግ የተጻፈው ከዚያ በፊት ነው። የእኛ ሐዲስ ግን የእህቷን ድርሻ የምትቀማዋንም ሴት ጠቅሷል። በዚህ በኩል የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ከዚያ ድንጋጌ ይሰፋል።

«ጉዳዬን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እወስደዋለሁ» የሚል አለ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 የዘረዘራቸው ጉዳዮች ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የሕፃናት ሞግዚትነት፣ የቤተሰብ ዝምድና፣ ውርስ፣ ስጦታ፣ ወቅፍና የመሳሰሉት ናቸው። በአማራ ክልልም የክልሉ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ። ሕገ መንግሥቱ እንዳስቀመጠው ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ካልፈቀዱ ቃዲው አይዳኝም። የፍቺህ ጉዳይ፣ የልጆችህ ቀለብ እዚያ ሊታይ ይችላል። ከሦስተኛ ሰው የምትጠይቀው ካሳ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ቦታው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ይህን ሳያውቁ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ 2 ዓመቱ የሚያልፍባቸው እንዳይኖሩ ነው የምናነሳው።

በዚህ ክስ ዓለም አልተስማማም። እንግሊዝ የሰው ሚስት አስኮበለልክ የሚለውን የካሳ ክስ እ.ኤ.አ. በ1970 ሰርዛለች። የአሜሪካዋ ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1935 ሰርዛዋለች፤ ሰዎች ክሱን ለማስፈራሪያና ገንዘብ ለመንጠቂያ አድርገውት ነበርና። በሰሜን ካሮላይና ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ባልም ሚስትም መክሰስ ይችላሉ፣ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ካሳ የተፈረደላቸውም አሉ። ትዳሩ የተመለሰለት ሰው ግን በዚህ ክስ አይገኝም፤ ሰው የሚከሰው ትዳሩ ካለቀ በኋላ ነውና።

በፊቅህስ? አንድ ሰው ሴትን በባሏ ላይ አበላሽቶ፣ ከተፈታችና ዒዳዋን ከጨረሰች በኋላ ራሱ ቢያገባት፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ኒካሁ ይጸናል፣ ወንጀሉ ግን በአንገቱ ላይ ነው ይላሉ። ማሊኪያዎች ግን ጠንከር ይላሉ። ኒካሁ ይፈርሳል ያሉ አሉ፤ ከነሱም መሀል ለዘላለም አትፈቀድለትም ያሉ አሉ፣ አበላሽቶ የፈለገውን እንዳያገኝ። ከድልድዩ ማዶ በሱዳን ሰፊው መዝሀብ ማሊኪ ስለሆነ፣ «ገላባት ተሻግረን ኒካህ እናስራለን» የምትሉ ወንድሞች ይህን ብታውቁ መልካም ነው። ባል ያልፈታትን ሴት ማግባት ግን በየትኛውም መዝሀብ ኒካህ አይባልም።

ክስ ስታስብ አንደበትህንም ጠብቅ። በስክሪንሾት ተነስቶ «ዚና ሠርተዋል» ብሎ በሰፈር ወይም በፌስቡክ የሚያወራ ባል ራሱ ወደ ሌላ ጉድጓድ ይገባል። በሱረቱን ኑር 4ኛው አንቀጽ ንጹሕ ሴትን በዚና ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው ቅጣቱ 80 ግርፋት ነው፤ ምስክርነቱም ዳግም አይቀበሉትም። «እያባበላት ነው» ማለትና «ዚና ሠርተዋል» ማለት የተለያዩ ናቸው። ያየኸውን ብቻ፣ ለሚመለከተው ብቻ ተናገር። «ጎረቤቴ ሲሕር አስደርጎብኝ ነው» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ማስረጃ ከሌለህ ሰው አትወንጅል፣ አያተል ኩርሲይህን ቅራ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ተኽቢብ የሚለውን ቃል ያለ ቦታው የሚጠቀሙበት በዝተዋልና። ሚስቱን የሚደበድብ ባል፣ እህቷ «ወደ ሽማግሌ ሂጂ፣ ወደ ቃዲ ሂጂ» ስትላት «ሚስቴን አበላሸሽብኝ» ይላል። ይህ ተኽቢብ አይደለም። ኸውላ ቢንት ሠዕለባህ (ረ.ዐ.) የባሏን ነገር ይዛ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስትመጣ አላህ (ሱ.ወ.) ክርክሯን ሰምቶ በሱረቱል ሙጃደላህ መልስ አወረደ። የሣቢት ኢብን ቀይስ ሚስት ባሏን በዲኑም በጸባዩም አልነቅፈውም፣ ግን አብሬው መኖር አልቻልኩም ስትል፣ የሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሳለት እንድትለይ ተደረገ። ማን አበላሸሽ አልተባለችም። የተበደለን ሰው ወደ መብቱ መምራት ነሲሓ ነው። ከኒካህ በፊት የተጠየቀ ሰው እውነቱን መናገሩም ነሲሓ ነው፤ ፋጢማ ቢንት ቀይስ ስለ ሁለት ፈላጊዎቿ ስታማክራቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአንዱን ድህነት፣ የሌላውን ዱላ ሳይደብቁ ነግረዋታል።

ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ዋናው ማን ያተርፋል የሚለው ነው። መካሪው ትዳሩ ሲፈርስ የሚያገኘው ነገር ካለ፣ ሴቷን ራሱ የሚፈልጋት ከሆነ፣ ወይም የልጁ ደመወዝ ወደ እናት ቤት የሚመለስ ከሆነ ያ ምክር ይጠረጠራል። ሌላው የሚያወራበት ቦታ ነው። ነሲሓ አድራጊ ለባልም ለሚስትም ፊት ሊለው የሚችለውን ይላል፤ አበላሺው ግን «እንዳትነግሪው» ይላል። በተለይ ወንድሞች፦ የጓደኛህ ሚስት ስለ ባሏ ልታማርርህ ከጀመረች፣ ሰሚ መሆንህ ብቻ መንገድ ይከፍታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የባል ወንድምን እንኳን ወደ ሴት ብቻዋን ከመግባት ሲያስጠነቅቁ ከሞት ጋር አመሳስለውታል። ወደ እናቷ፣ ወደ ታላቅ እህቷ፣ ወደ ሽማግሌ ምራት እንጂ ሌሊት በስልክ ቃዲ አትሁን።

ሦስተኛ ሰው በትዳር መሀል ሲገባ እስከ የት ድረስ ነው ለሚለው ከበሪራህና ከሙጊሥ ታሪክ የተሻለ አላውቅም። በሪራህ ባሪያ ነበረች፣ ነፃ ስትወጣ ባሪያ ባሏን ሙጊሥን መተው መብቷ ሆነ፣ ተወችው። እሱ በመዲና መንገድ ጢሙ እስኪርስ እያለቀሰ ይከተላት ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዝነው ብትመለሺለት ምናለ አሏት። ያዙኛል ወይ ብላ ጠየቀች፤ አይደለም፣ የማማልድ ብቻ ነኝ አሉ። እንግዲያው አልፈልገውም አለች። አላስገደዷትም፣ አልተቆጧትም። ዘይድ ኢብን ሓሪሣም ሚስቱን ሊፈታ ሲመጣ ሚስትህን ያዝ፣ አላህን ፍራ ነው ያሉት፤ ይህን ሱረቱል አሕዛብ 37ኛው አንቀጽ ይነግረናል። የሽማግሌ ልክ ይህ ነው፦ ወደ መጠገን መግፋት፣ ካልሆነም መተው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱን ኒሳእ 35ኛው አንቀጽ መለያየት የተፈራ እንደሆነ ከእሱ ቤተሰብ አንድ፣ ከእሷ ቤተሰብ አንድ ዳኛ እንዲላክ አዟል። የአገራችን ሽምግልና ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ፍርድ ቤቱ ፍቺ ጠያቂዎችን ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ መላክ እንደሚችል ይፈቅዳል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ባሎች ሆይ፣ ወደ አጨዳ ወይም ወደ ሱዳን ከመውረዳችሁ በፊት ሁለቱን ሰዎች አስቀድማችሁ ሰይሙ። ገንዘብ በማን በኩል እንደሚላክ፣ ስልክ ሲጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ለሚስቶቻችሁ ንገሩ። ለስድስት ወር ነፈቃ ሳይልክ፣ አንድ ቃል ሳይልክ ቆይቶ «ሰው አስኮበለለብኝ» የሚል ባል ካሳ ከመጠየቁ በፊት የራሱን ሒሳብ ይጠየቃል።

የጠፋው ባል ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ብዙ እህቶች የሚጎዱት እዚህ ነው። ከካርቱም ወሬው የጠፋ ባል አለ እንበል። አንዱ ይመጣና «ሞቷል፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት» ይላል፤ ሌላዋ «እዚያ ሌላ አግብቷል» ትላለች። ብዙ ጊዜ ወሬውን ያመጣው ሰው ራሱ ፈላጊ ነው፣ ወይም ለፈላጊው የተላከ ደላላ ነው። እህቴ፣ በወሬ ዒዳ አይቆጠርም። ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ እንደዘገቡት ዑመር (ረ.ዐ.) ባሏ የት እንዳለ የማይታወቅ ሴት 4 ዓመት ትጠብቅ፣ ከዚያ 4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ ትቀመጥ ብለው ፈርደዋል። ነፈቃ ያጣች ሴት ሳትጠብቅ በቃዲ በኩል ፍቺ መጠየቅ እንደምትችል የተናገሩ ብዙ ዑለማዎች አሉ። በአገሪቱ ሕግም ለ2 ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው በፍርድ ቤት እንደ ጠፋ ሊወሰን ይችላል፣ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የመጥፋት ውሳኔ ትዳርን ያፈርሳል። ሁለቱም መንገድ በዳኛ በኩል ያልፋል። ዳኛው ምስክር ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ «እኔ ነኝ የቀበርኩት» ያለው ሰው የት ቀበርከው፣ ከማን ጋር ተብሎ ይጠየቃል። ውሳኔው በእጅሽ ከሆነ በኋላ ማንም «በባልሽ ላይ አገባሽ» ሊልሽ አይችልም።

ይህን እያነበበ ያለ፣ እጁን በሰው ትዳር ውስጥ ያገኘ ወንድም ወይም እህት ሊኖር ይችላል። ተውባ ክፍት ነው። ግን ይህ በአንተና በአላህ መካከል ያለ ወንጀል ብቻ አይደለም፣ የሰው ሐቅ አለበት። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ወንድሙን የበደለ ሰው ዲናርም ዲርሃምም የማይሠራበት ቀን ሳይመጣ ዛሬ ይቅር ይባባል። ትዳሩ ገና ካልፈረሰ መጀመሪያ ዛሬ ቁጥሩን አጥፋ፣ አፕሊኬሽኑን ሳይሆን ሰውዬውን ወይም ሴትዮዋን ዝጋ። ደህና ሁኝ የሚል የመጨረሻ መልእክት አትላክ፤ የመጨረሻ የሚባለው መልእክት መልስ ያስከትላል። ውሸት ተናግረህ ከሆነ፣ «ባልሽን ከሌላ ጋር አየሁት» ብለህ ከሆነ፣ ያልከውን ላልክለት ሰው መልሰህ አስተካክል። ሄደህ ለባሉ ሁሉንም ዘርዝር ማለት ግን አይደለም። መናገሩ ደም የሚያፋስስ፣ የባሰ ፊትና የሚያመጣ ከሆነ ዑለማዎች ዝም ብሎ በሌለበት ዱዓ ማድረግን፣ ስሙን ባነሳህበት መጅሊስ በመልካም ማንሳትን ይመክራሉ። የወሰድከው ገንዘብ ወይም ስጦታ ካለ ግን ገንዘብ ነውና ይመለሳል፤ በሽማግሌ እጅ፣ የላኪው ስም ሳይጠራም ቢሆን።